ነገ የካቲት 7 ነው፦ ስለ ፍቅረኞች ቀን ለጠየቃችሁኝ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። አልሐምዱሊላህ፣ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።



ነገ ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሯሪ 14። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለዚህ ቀን ናቸው። አብዛኛው ጠያቂ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከወረታ፣ ከአዲስ ዘመንና ከእስቴም አሉበት። "ኡስታዝ፣ የፍቅረኞችን ቀን ማክበር እንዴት ይታያል?" የሚለው ይበዛል። አንዲት እህት "ባለቤቴ በዚያ ቀን አበባ ቢያመጣልኝ ልመልስበት ወይ?" ትላለች። አበባ እርሻ ላይ የምትሠራ ሌላ እህት ስለ ደሞዟ ትጠይቃለች። አንድ ወንድም ደግሞ እንዲህ ጽፏል፦ "እኔ ቀኑን አላከብርም። ግን በኒካህ የምፈልጋት ልጅ አለች፤ እሷም ትፈልገኛለች። ቤተሰቧ የጠየቀው ከአቅሜ በላይ ነው። ሐራሙንስ ነገራችሁን፣ ሐላሉን ማን ያሳየናል?"

የዚህ ወንድም ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ወደሱ እንመጣለን፤ መጀመሪያ ግን ቀኑን እንይ።

ቀኑ የተሰየመው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ተገደለ በሚባል ቫለንታይን በሚባል የክርስትና ሰማዕት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ከአንድ በላይ ስለሆኑ ታሪካቸው ተደበላልቋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ1969 እ.ኤ.አ. በዓሉን ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያዋ አውጥታዋለች። ቀኑን ከወንድና ሴት ፍቅር ጋር ያገናኘው ወሬ የተነሳው ደግሞ ሰውዬው ከሞተ ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእንግሊዛዊው ገጣሚ በቾሰር ዘመን ነው። ዛሬ የቀረው ገበያው ነው፦ ካርድ፣ ቸኮሌት፣ ቀይ አበባ። ከአዲስ አበባና ከባህር ዳር ካፌዎች ተነስቶ በስልካችን በኩል ጉና ሥር ድረስ መጥቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በዓል እንኳን አይደለም። እነሱ ቡሄ አላቸው፤ ነሐሴ 13 ከተማችን በስሟ የምትጠራበትን በዓል ያከብራሉ። ጥምቀት አላቸው፤ በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ መወርወሩ የቆየ ወግ ነው። ያ የእነሱ ነው፤ እኛ የራሳችን አለን፤ አባቶቻችን በዚህ ደጋ ላይ በጉርብትና ሲኖሩ ይህን ድንበር አውቀው፣ ተከባብረውም ነበር። የካቲት 7 ግን ከኛም ከእነሱም ቤት አልወጣም። ስለዚህ "አብሮ መኖር ነው" የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ወደ ሑክሙ ስንመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የከተማዋ ሰዎች የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው። ምንድን ናቸው ብለው ሲጠይቁ በጃሂሊያ ዘመን ይጫወቱባቸው የነበሩ መሆናቸው ተነገራቸው። እሳቸውም አላህ በእነዚያ ፈንታ የተሻሉ ሁለት ቀናት እንደሰጣቸው ነገሯቸው፤ የአድሓንና የፊጥርን ቀን። አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ዑለሞች ከዚህ ተነስተው በየዓመቱ እየተመላለሰ የሚከበር ዒድ ለሙስሊም ሁለት ብቻ ነው ይላሉ። ሸይኽ ኢብኑ ዑሰይሚን (ረሒመሁላህ) የፍቅረኞችን ቀን ማክበር እንደማይፈቀድ ፈትዋ ሰጥተዋል፤ የብዙኃኑ አቋምም ይኸው ነው።

ሌላም አስተያየት እንዳለ መደበቅ አልፈልግም፤ ብደብቃችሁም ቲክቶክ ላይ ታገኙታላችሁ። ከግብፅ ዳሩል ኢፍታ ዑለሞች መካከል ሸሪዓን የሚጻረር ነገር እስከሌለበት ድረስ ፍቅርን ለመግለጽ ቀን መመደብ ችግር የለውም ያሉ አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመካ የሃይማኖት ፖሊስ የቀድሞ ኃላፊ አሕመድ አልጋምዲ ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓኪስታን የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀኑ በአደባባይ እንዳይከበር አግዶ ነበር። ሙስሊሙ ዓለም በዚህ ላይ እንዲህ ይለያያል።

እኔ ከብዙኃኑ ጋር ነኝ። የፈቀዱትም ቢሆን ሸሪዓን የሚጻረር ነገር ከሌለበት ብለዋል፤ በኛ ከተሞች ያለውን እውነታ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገ ማታ ካፌ ውስጥ ቀይ ፊኛ ሥር ከሚቀመጡት ስንቶቹ ባልና ሚስት ናቸው? ባልና ሚስቱማ ቤታቸው ልጅ እያስተኙ ነው። ቀኑ እዚህ የሚያገለግለው ኒካህ የሌላቸውን ነው፤ ወጣቱን "ፍቅረኛ የለህም ወይ?" እያለ የሚገፋ ቀን ነው። ስለዚህ አታክብሩት።

ይህን ብሎ ማቆም ቀላል ነበር። በየዓመቱም ብዙዎቻችን የምናደርገው እሱን ነው፤ "ሐራም ነው" የሚል ቀይ ጽሑፍ እንለጥፍና እስከ ከርሞ እንረሳዋለን።

ግን ወደ አነስ ሐዲስ ተመለሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎቹ የሚጫወቱበትን ቀን ወስደው ባዶ እጃቸውን አልሰደዷቸውም። የተሻለ ተኩላቸው። ደስታ አይገባችሁም አላሏቸውም። እንግዲህ እኛ ለወጣቱ የካቲት 7ን ስንወስድበት በፈንታው ምን ሰጠነው?

ያ ወንድም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ለእሱም፣ ለልጅቷም፣ ይህን ለሚያነቡ አባቶችና ታላቅ ወንድሞችም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። መዕቂል ኢብኑ የሳር (ረ.ዐ) የሚባል ሶሓባ ነበር። እህቱን ዳረ፤ ባሏ ፈታት፤ ዒዳዋ አለቀ። ከዚያ ሰውዬው ተጸጽቶ እንደገና ሊያጫት መጣ። መዕቂል ተናደደ። አከበርኩህ፣ ዳርኩልህ፣ አንተ ግን ፈታሃት፤ ዳግመኛ ወደ አንተ አትመለስም አለው። ንዴቱ ይገባናል፤ የማንም ወንድም ልብ ነው። ነገር ግን ሰውዬው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እሷም ልትመለስለት ትፈልግ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሱረቱል በቀራ 232ኛዋ አንቀጽ ወረደች፤ ሁለቱ በመልካም ከተስማሙ ሴቶቹን ከማግባት አታግዷቸው የምትል ትእዛዝ ናት። መዕቂል ሰማ፤ ንዴቱን ዋጠና እህቱን መልሶ ዳራት። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ሁለት ሰዎች በሐላል ተፈላልገው አንድ ወንድም በመካከላቸው ቢቆም ቁርኣን ወረደ። ዛሬ በመካከላቸው የሚቆመው ወንድም ብቻ አይደለም፤ አዳራሽ ቆሟል፣ ዲኮር ቆሟል፣ የመኪና ሰልፍ፣ ቪዲዮ፣ ሶፋና አልጋ፣ "የእገሌ ልጅ ስንት ግራም ወርቅ ወሰደች" የሚል ወሬ ቆሟል። መህር የልጅቷ ሐቅ ነው። የአባትም የአጎትም አይደለም፤ አላህ በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ ላይ ለሴቶቹ ስጡ ያለው ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ የኛ ጭማሪ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምንም የሌለውን ሰው የብረት ቀለበት እንኳ ፈልግ አሉት፤ እሱንም ሲያጣ ከቁርኣን በያዘው ዳሩት። ዐሊይ (ረ.ዐ) ለፋጢማ (ረ.ዐ) የሰጠው የጦር ጥሩሩን ነበር። የሶፊያ (ረ.ዐ) ወሊማ ላይ ሥጋ አልነበረም፤ የቀረበው ቴምር፣ ቅቤና እርጎ ነበር።

ለአባቶችም ፍትሐዊ እንሁን። አባት ሁሉ ስግብግብ አይደለም፤ ይፈራል። ልጁን በእርሻው ገቢ አስተምሮ ዩኒቨርሲቲ አድርሷል፤ የመጣው ልጅ ዲግሪ አለው፣ ሥራ የለውም። "ምን ሊያበላት ነው?" ማለቱ መብቱ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያለዝበው ደግሞ ጭቅጭቅ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዲህ አድርግ። ሽማግሌ አንዴ ተመለሰ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ፤ አባቷ የሚያከብሩትን ሰው፣ የመስጂዱን ኢማም ጨምረህ ድገም። መህሩ በሁለት እንዲከፈል ጠይቅ፤ የተወሰነው አሁን፣ የቀረው ወደፊት። ይህ በፊቅህ የታወቀና የተፈቀደ ነው፤ ግን ተጽፎ ይያዝ፣ ዕዳ ነውና። ኒካሁንና ድግሱን ለዩት። በኛ ደጋ ሠርግ የጥር ነገር ነው፤ እህል ከአውድማ ሲገባ። ዘንድሮ የጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ሰኞ ይገባል፤ የኛ ረመዳን ደግሞ ማክሰኞ ማታ ጨረቃ ከታየች ረቡዕ፣ ካልታየች ሐሙስ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው "እንግዲህ ዓመት ያድርሰን" ብሎ ተኝቷል። ኒካህ ማሰር ግን በረመዳንም አይከለከልም። የተከለከለው በቀን ጾም ላይ የሚደረገው ግንኙነት ነው እንጂ ውሉ አይደለም።

አንቺም እህቴ፣ ዝም አትበይ። መህሩ ያንቺ ነው ብለናል፤ ያንቺ ከሆነ "ይህ ይበቃኛል" ማለት የምትችዪው አንቺ ነሽ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ እናትሽ ለአባትሽ የምትነግርበትን ሰዓት ታውቃለች። አባት ያለ በቂ ምክንያት፣ ዲኑና ጠባዩ የተወደደን ሰው እየመለሰ ካስቸገረም ዑለሞች መንገድ አስቀምጠዋል፤ ጉዳዩ በዲን ወደሚዳኝ ቃዲ ይሄዳል። ይህ ግን ሽማግሌው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁ ሌላ አቋራጭ አግኝታችኋል። በግቢ ውስጥ "ሚስጥራዊ ኒካህ" የሚባል ነገር እየሰማን ነው። ሁለት ጓደኞች ይጠራሉ፣ ምስክር ይሆናሉ፣ ማንም አይሰማም፤ ከዚያ "ሐላል ሆነናል" ይባላል። ሲጠየቁ "በሐነፊ መዝሀብ ይቻላል" ይላሉ። በወሎ ሐሪማዎች ሐነፊም ሻፊዒም ይቀራል፤ ደረሶች የሚቀሩትን ኪታብ ግማሽ መስመር ነቅሎ መውሰድ ግን ቂርአት አይደለም። አዎ፣ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ለአካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተስተካከለ ሴት ራሷን ብትድር ኒካሁ ይሆናል ብለዋል። በዚያው ቦታ ላይ ሰውዬው ለእሷ የሚመጥን ካልሆነ ወይም መህሩ ከአምሳያዎቿ ካነሰ ወሊዩ የመቃወም መብት እንዳለውም ይላሉ። ሻፊዒና ሌሎቹ ደግሞ ያለ ወሊይ ኒካህ የለም የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ይዘው ከነጭራሹ ኒካህ አይሆንም ይላሉ። ኒካህን ይፋ ማድረግም የታዘዘ ነው፤ ዝሙት ነው መደበቅ የሚፈልገው።

የፊቅሁ ክርክር ይቅርና የሚሆነውን እንይ። ክረምት ሲመጣ ግቢው ይዘጋል። እሱ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እሷም ወደ ቤተሰቧ። ስልኩ አንድ ቀን አይነሳም። ወረቀት የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ምስክሮቹ ተመርቀው ተበትነዋል። እሷ ምን ብላ ለማን ትከሳለች? ፈታኝ እንዳትል ማን አገባሽ ትባላለች፤ ሌላ እንዳታገባ አልተፈታችም። ነፍሰ ጡር ከሆነችም የልጁን አባት የምታስረዳበት የላትም። ወንድሜ፣ የምትወዳት ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ አታስቀምጣትም። አንቺም፣ ከአባቱ ፊት ስምሽን መጥራት የፈራ ሰው በምን ሊጠብቅሽ እንደሆነ ጠይቂው።

ፍቅርን በተመለከተ ሌላው ያልተካነው ነገር የልጅቷ ፈቃድ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ በሀገራችን ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ይህ የኛ ክልል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጋርቶታል፣ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም። በገጠሩ ልጅቷ ሳትጠየቅ የተዳረችበት ቤት ስንት ነው? ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ሳትፈልግ ድሯት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች፤ ኒካሁን አፈረሱላት።

ከዚህም በላይ የምወደው የበሪራን ታሪክ ነው። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ባሏ ሙጊስም ባሪያ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገዝተው ነጻ አወጧት። ነጻ ስትወጣ ከባሏ ጋር የመቀጠል ወይም የመለየት ምርጫ ነበራት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ ግን ይወዳታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሲያስታውሱት በመዲና መንገዶች ላይ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ሲያለቅስ፣ እንባው በጺሙ ላይ ሲወርድ አሁንም የሚታያቸው ያህል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው በሙጊስ ላይ አልሳቁበትም፤ ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም አላሉትም። አዘኑለት፤ ወደ በሪራ ሄደውም ብትመልሺው ምን አለ አሏት። እሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ያዙኛል ወይ? የለም፣ ማማለዴ ብቻ ነው አሏት። እንግዲያው አልፈልገውም አለች። በቃ። የአላህ መልእክተኛ ሽማግሌ ሆነው ሄደው እምቢ ተባሉ፤ ትናንት ባሪያ የነበረችን ሴት እምቢታ አክብረው ተመለሱ።

በፍቅር የተጎዳህ ወንድሜ፣ ሙጊስን አስበው። እምቢ ያለችህን ልጅ በጓደኛ፣ በቴክስት፣ በዛቻ የምታስጨንቃት ከሆነ ደግሞ በሪራን አስባት። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሽምግልና ተማሩበት፤ ምልጃ እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

አበባውን ልመልስ ወይ ላልሽው እህቴ፦ አትመልሺበት፤ ቤትሽን አታቀዝቅዢ። ቀኑን እንደማታከብሪ በለስላሳ ቃል ንገሪው፤ አበባውን ደግሞ ሰኞም፣ የረመዳን ማታም አምጣልኝ በይው። ባሎች፣ እናንተም ስሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ ማንን ይበልጥ ይወዳሉ ተብለው በዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሲጠየቁ ዓኢሻን ብለው በስሟ ጠሩ። አላፈሩም። ከእሷ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ካለፉ ከዓመታት በኋላ በግ ሲያርዱ ለኸዲጃ ጓደኞች ይልኩ ነበር። በኛ አገር ሚስቱን በስሟ መጥራት የሚከብደው፣ "እወድሻለሁ" ማለት የልጅ ነገር የሚመስለው ስንት ሰው አለ! ሚስትህ ይህን ቃል የምትሰማው ከተከታታይ ፊልም ብቻ ከሆነ የካቲት 7ን መውቀስህ ትዝብት ነው። ከረቡዕ ወይም ከሐሙስ ጀምሮ እሷ ጾማ ለቤተሰቡ ሹርባና ሳምቡሳ ስትሠራ ማጀት ገብተህ ሽንኩርቱን ክተፍ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር።

የአበባ እርሻዋ እህትስ? ሀገራችን ከአፍሪካ አበባ ወደ ውጭ ከሚልኩት ግንባር ቀደሞች አንዷ ናት፤ ጽጌረዳው በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አውሮፓ በብዛት የሚሄደውም ልክ በዚህ ሰሞን ነው። አበባ በራሱ ሐላል ነው። ገዢው ለእናቱ ይስጠው፣ ለታማሚ ይውሰደው፣ ለሌላ ነገር ያውለው አታውቂም። እስከማየው ድረስ ደሞዝሽ ላይ ችግር የለም፤ ሰላትሽን የምትሰግጂበት ሰዓት እንዲሰጥሽ ጠይቂ፣ መርዝ ሲረጭ ጓንትና ጭምብል ሳይሰጡሽ አትግቢ፤ ሰውነትሽ አማና ነው። ካፌ ከፍቶ "ለጥንዶች" ብሎ ልዩ ምሽት የሚያዘጋጅ ሙስሊም ግን ለምን እንዳዘጋጀው ያውቃል፤ ያን ምሽት ይተወው።

ለዚያ ወንድማችን አላህ ያግራለት። ሽማግሌ የሚሆንለት ሰው ካጣ ይጻፍልኝ።

ወላሁ አዕለም።